ከበረዶ ግግር ሥር ያለው ውኃ

የበረዶ ግግር የቆመ ይመስላል እንጂ ሁልጊዜ ይጓዛል። በራሱ ክብደት ቀስ በቀስ እየተለጠጠ ይሄዳል። ከዚህም ሌላ ከሥሩ ባለው አለት ወይም ደለል ላይ ይንሸራተታል። ፍጥነቱ በጥቂት ቀናት ውስጥ ሲለዋወጥ ከታየ፣ ነገሩ ያለው መንሸራተቱ ላይ ነው። እዚያ ደግሞ ዋናው አዛዥ ውኃ ነው።

በአንታርክቲካ የምድር ውስጥ ሙቀትና የሰበቃ ሙቀት የበረዶውን ሥር ያቀልጣሉ። ከ400 በላይ ሐይቆች ከበረዶው በታች ተገኝተዋል። ከሁሉም የሚገዝፈው ቮስቶክ 4 ኪሎ ሜትር ገደማ ውፍረት ያለው በረዶ ተጭኖታል። በግሪንላንድ ግን በበጋ ከላይ የቀለጠው ውኃም በስንጥቅ እየሰረገ እስከ ሥር ይወርዳል። እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2006 በምዕራብ ግሪንላንድ በበረዶው ላይ የተጠራቀመ አንድ ሐይቅ 1 ኪሎ ሜትር የሚጠጋ በረዶ ሰንጥቆ በ2 ሰዓት ባልሞላ ጊዜ ጠፋ። በአቅራቢያው የተተከለው ጂፒኤስ እንዳሳየው፣ ያ ሁሉ በረዶ ከ1 ሜትር በላይ ወደ ላይ ተነሳ። በጣም የሚገርም ነገር ነው!

ታዲያ ውኃ በበዛ ቁጥር በረዶው ይፈጥናል? ብዙ ሰው እንደዚያ ያስባል፤ ግን አይደለም። ወሳኙ ግፊቱ ነው። ውኃው መውጫ ሲያጣ ግፊቱ ያይላል፣ የበረዶውን ክብደት በከፊል ይሸከማል፣ በረዶውም አለቱን የያዘበት ኃይል ይላላል። ፍሰቱ ሲቀጥል ግን ውኃው የበረዶውን ሥር እያቀለጠ ሰፊ ቦይ ይከፍታል። በቦዩ በቀላሉ ስለሚወጣ ግፊቱ ይወርዳል፣ በረዶውም ረገብ ይላል። በደቡብ ምዕራብ ግሪንላንድ የብስ ላይ የሚያበቁ ግግሮች በበጋው መጀመሪያ ፈጥነው መጨረሻው ላይ የሚዘገዩት በዚህ ምክንያት ነው። በዚያው አካባቢ ቅልጠቱ እየጨመረ ባለባቸው ዓመታት እንኳ የግግሮቹ አማካይ ፍጥነት ቀንሷል። ባሕር ውስጥ የሚገቡት ግግሮች ጉዳይ ግን ሌላ ነው፤ እነሱን የባሕሩ ሙቀትም ያጠቃቸዋል።

የአላስካው ቬሪጌትድ ግግር ወሳኙ የውኃው ግፊት መሆኑን በግልጽ አሳይቷል። እ.ኤ.አ. በ1982 እና 83 በድንገት ገሠገሠ፤ ሲበረታ በቀን ከ50 ሜትር በላይ ይጓዝ ነበር። በሐምሌ 1983 ከሥሩ ጎርፍ ፈንድቶ ሲወጣ ግን በሰዓታት ውስጥ ፍጥነቱ ወደቀ።

በምዕራብ አንታርክቲካ ያለው ካምብ የበረዶ ጅረትም (የበረዶ ጅረት ማለት ከዙሪያው በረዶ ፈጥኖ የሚጓዝ የበረዶ ክፍል ነው) ከ150 ዓመት በፊት ገደማ መገስገሱን አቁሟል። ጎረቤቱ ዊላንስ ዛሬም በዓመት በመቶዎች የሚቆጠር ሜትር ይጓዛል። ብዙ ተመራማሪዎች ካምብን ያቆመው ከሥሩ የነበረው ውኃ አቅጣጫውን ቀይሮ ወደ ዊላንስ መሄዱ ሊሆን ይችላል ይላሉ።