የእጅ ጌም በየስንት ጊዜው ይታደስ? የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ኮዬ ፈጬ፣ ቱሉ ዲምቱ ወይም ለገጣፎ ያለ ልጅ እጅ የሚገባው ስዊች ወይም ስቲም ዴክ የሚባል የእጅ ጌም አብዛኛውን ጊዜ ከውጭ በሰው የመጣ ነው። ቢበላሽ ዋስትና ብሎ የሚወስዱበት ቦታ የለም። ስለዚህ «ይቀየር» ከማለት በፊት ያለቀው ምኑ እንደሆነ ማወቅ ብዙ ብር ያድናል።

«ሁለት ዓመት ካለፈው አዲስ ይገዛ»

አምራቾቹ ራሳቸው እንዲህ አይቸኩሉም። ኒንቴንዶ ስዊች እ.ኤ.አ. በ2017 ወጣ፤ ስዊች 2 የመጣው በ2025 ነው። መሃል ላይ በ2021 የወጣው ባለ ኦሌድ ስክሪን (ደማቅ ቀለም የሚያሳይ) ሞዴል ስክሪኑ ሰፋ፣ ቀለሙ አማረ እንጂ ፍጥነቱ ያው ነው። የሚቆጠረው ዓመቱ ሳይሆን የምትፈልጉት ጌም በያዛችሁት ላይ መሥራት አለመሥራቱ ነው። ከሠራ፣ የሚለወጠው ያለቀው ክፍል ብቻ ነው።

«ራም ይጨመርልኝ»

አይጨመርም። ራሙም ፕሮሰሰሩም ቦርዱ ላይ የተበየዱ ናቸው። የሶኒው የድሮ የእጅ ጌም ፒኤስፒ እንኳ ራሙ ከ32 ወደ 64 ሜጋባይት ያደገው በ2007 ፋብሪካው አዲስ ሞዴል ሲያወጣ ነው። «እጨምርላችኋለሁ» ለሚል ሰው ዕቃችሁን አትስጡ።

ስቲም ዴክ ላይ በእርግጥ የሚለወጠው ኤስኤስዲው፣ ማለትም ጌሞቹ የሚቀመጡበት ማከማቻ ነው። ልኩ 2230 ነው፤ ማለትም 22 በ30 ሚሊ ሜትር። ለላፕቶፕ የሚሸጠው ረጅሙ 2280 አይገባም። ከመክፈታችሁ በፊት አጥፉትና ሚሞሪ ካርዱን አውጡ፤ ካርዱ ሳይወጣ ጀርባው ከተነሳ ለሁለት ይሰበራል። የጀርባው 8 ብሎኖች ቁመታቸው አንድ ስላልሆነ እንደ አቀማመጣቸው ወረቀት ላይ ደርድሯቸው። ውስጡን ከመንካታችሁ በፊት የባትሪውን ሶኬት ንቀሉ። ብሎኑን ስትመልሱ መጀመሪያ ቀስ ብላችሁ ወደ ግራ አዙሩት፤ «ጠቅ» ብሎ የድሮው ጥርሱ ላይ ሲቀመጥ ወደ ቀኝ አጥብቁት። አለዚያ አዲስ ጥርስ እያወጣ ፕላስቲኩን ይበላዋል።

«ከጋለና ፋኑ ከጮኸ ፕሮሰሰሩ ደክሟል»

ብዙ ደህና ዕቃ በርካሽ የሚያሸጠው ይህ ነው። አዲስ አበባና ዙሪያዋ ከባሕር ወለል ከ2,000 ሜትር በላይ ናቸው፤ አየሩ ከባሕር ጠረፍ አየር በአንድ አምስተኛ ያህል ይሳሳል። ሙቀቱን ተሸክሞ የሚወጣው አየር ስላነሰ ፋኑ ፈጥኖ መዞር አለበት። አስፋልት ያልደረሰው መንገድ አቧራ ሲጨመርበት የማቀዝቀዣው ክንፎች መሃል እንደ ጥጥ ይደፈናል።

መፍትሔው ጽዳት ነው፦ አቧራማ ሰፈር በየ6 ወሩ፣ ሌላ ቦታ በዓመት አንዴ። የፋኑን ክንፍ በጥርስ መጎርጎሪያ ያዙት፤ በአየር ግፊት ከተሽከረከረ ይጎዳል። በለስላሳ ብሩሽ አራግፉት እንጂ በአፍ አትንፉት፤ ትንፋሽ እርጥበት አለው። ከጸዳም በኋላ ከጋለ ቴርማል ፔስቱ፣ ማለትም ከፕሮሰሰሩ ወደ ማቀዝቀዣው ሙቀት የሚያስተላልፈው ቅባት፣ ደርቆ ሊሆን ይችላል። አሮጌውን ከ90 በመቶ በላይ በሆነ አይሶፕሮፒል አልኮል ጥረጉና የምስር ፍሬ የምታክል አዲስ ጠብታ አድርጉ፤ መብዛቱ ጥቅም የለውም። ሲጫወቱበት ደግሞ ጋቢ ወይም ፍራሽ ላይ አይቀመጥ፤ የአየር መግቢያው ከኋላ ነው።

«ባትሪው ቶሎ ካለቀ ዕቃው አብቅቶለታል»

መጀመሪያ ሞዴሉን እዩ። የ2017ቱ ስዊች ከባድ ጌም ላይ በ2 ሰዓት ተኩል ማለቁ ከፋብሪካው ጀምሮ ነው፤ በ2019 የታደሰው 4 ሰዓት ተኩል ይቆያል። ከዚህ በጣም ካነሰ ባትሪው ብቻ ይለወጣል፤ የስዊች 4,310 ሚሊ አምፒር ሰዓት ነው። በሙጫ ስለተጣበቀ ጠርዙ ላይ ትንሽ አልኮል አፍስሳችሁ በፕላስቲክ ቀስ እያላችሁ አላቅቁት። ብረት ከወጋው ይቃጠላል። ጀርባው ወይም ስክሪኑ ብድግ ካለ ባትሪው አብጧል፤ በዚያው ቅጽበት አጥፉት፣ ቻርጅ አታድርጉት።

ለፒኤስፒ «አዲስ» ተብሎ የሚሸጥ ባትሪ ስትገዙ የተመረተበትን ዓመት ጠይቁ። ሊቲየም መደርደሪያ ላይም ያረጃል። መብራት ሲጠፋ ቻርጀሩን ንቀሉና ሲመለስ ጥቂት ደቂቃ ጠብቃችሁ ሰኩ።

«ስቲኩ ብቻውን ከሄደ ጆይኮኑ ይጣል»

ጆይኮን የስዊች ጎን ላይ የሚሰካው መቆጣጠሪያ ነው። መጀመሪያ ስቲኩን በሴቲንግ ውስጥ ካሊብሬት አድርጉት፤ መሃሉን በትክክል እንዲያውቅ ማስተካከል ማለት ነው። ካልተስተካከለ አብዛኛውን ጊዜ ውስጡ ያለው የካርቦን ንጣፍ በፍትጊያ አልቋል፤ ስቲኩ ለብቻው ይቀየራል። በማግኔት የሚሠራው ሆል ኢፌክት የሚባለው እንዲህ አይፋተግም። የጆይኮኑ ብሎን ባለ ሦስት ክንፍ ካቻቢቴ ይፈልጋል፤ በተራው ካቻቢቴ ከታገላችሁት ራሱ ይላጫል። ፍሌክሱን (ስሱን ጠፍጣፋ ገመድ) ከመሳባችሁ በፊት መቆለፊያውን በጥፍር አንሱት።

«ሚሞሪ ሁሉ አንድ ነው»

በርካሽ የተገዛ 1 ቴራባይት ካርድ ውስጡ 32 ጊጋ ሊሆን ይችላል፤ ኮምፒውተር ላይ እስኪሞላ በፋይል ሞልታችሁ ፋይሎቹ መከፈታቸውን አረጋግጡ። ለስዊች 2 ጌም ደግሞ ማይክሮ ኤስዲ ኤክስፕረስ የሚባለው ፈጣን ካርድ ብቻ ነው የሚሠራው፤ በድሮው ካርድ ላይ ጌም አይጫንም።