የድመት ማንኮራፋት ምንድን ነው?

«ድመት ካንኮራፋች ተደስታለች ማለት ነው» የሚለውን ዓረፍተ ነገር በዚህ ወር ብቻ ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ሁለቱን አልፌያቸዋለሁ። ሦስተኛው ጸሐፊ ግን አንድ እርምጃ ጨምሮ፣ የምታንኮራፋ ድመት ሐኪም አያስፈልጋትም፣ የተሰበረ አጥንቷን እንኳ በገዛ ድምፅዋ ትጠግነዋለች ሲል ጻፈ። በዚያው ሳምንት ዓለም ገና አጠገብ ወደምሠራበት የእንስሳት ክሊኒክ አንዲት ወፍጮ ቤት ያላቸው እናት ድመታቸውን በዘንቢል ይዘው መጡ። ባጃጅ ከገጫት ሦስት ቀን ሆኗታል።

«ያን ዕለት ለምን አላመጧትም፣ እትዬ?»

«ስታንኮራፋ ሰነበተች እኮ፣ ዶክተር! ደህና ናት ብዬ ነው።»

እጄን ወደ ዘንቢሉ ስከት እውነትም ታንኮራፋለች። ዳሌዋ ተሰብሯል።

ጥፋቱ ከቃሉ ይጀምራል ብዬ እጠረጥራለሁ። በአማርኛ ማንኮራፋት ሲባል መጀመሪያ የሚመጣብን ጠግቦ የተኛ ሰው ነው። ቃሉን ለድመቷ ስናውሳት ጥጋቡንና እንቅልፉን አብረን ሰጠናት። (የቋንቋ ሰው አይደለሁም፤ ነገር ግን ማኩረፍ የሚለው ቃል ከጎኑ የተቀመጠ መምሰሉ ሁልጊዜ ያስቀኛል።) የምታንኮራፋ ድመት አብዛኛውን ጊዜ ነቅታ ነው። ድምፁ የሚወጣው በማንቁርቷ ውስጥ ያሉት የድምፅ አውታሮች በሴኮንድ ከ25 እስከ 30 ጊዜ ያህል ሲርገበገቡ ሲሆን፣ አየር ስታስገባም ስታስወጣም አይቋረጥም። እ.ኤ.አ. በ2023 የቪየና ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ከሞቱ 8 ድመቶች በተወሰዱ ማንቁርቶች ውስጥ አየር ቢያሳልፉ፣ ያለ አንጎል ትእዛዝ ያንኑ ዝቅተኛ ድምፅ አገኙ። እርግጥ ጠረጴዛ ላይ ያለ ማንቁርት ሕያው ድመት አይደለም፤ ይህን ሳልናገር ካለፍኩ ባልደረቦቼ ይታዘቡኛል።

እኔ ድመት ስታንኮራፋ የምሰማው «እግዚአብሔር ይመስገን»ን ነው። ሰውን «እንዴት ነህ?» ብትሉት፣ ዛሬ ደመወዝ የተቀበለውም፣ ትናንት ከሥራ የተሰናበተውም፣ ሆስፒታል ተኝቶ ጉሉኮስ የተሰካለትም መልሳቸው አንድ ነው። ዋሹ አንላቸውም። ስለ ጤናቸው መግለጫ እየሰጡ አይደለማ! ሰምቼሃለሁ፣ አለሁ፣ አትራቀኝ ማለታቸው ነው። ስለዚህ አስተዋይ ጠያቂ ቃሉን ትቶ ፊታቸውን ያያል። ድመትም ዓይኗ ሳይገለጥ እናቷን ስትጠባ ታንኮራፋለች፤ ጭን ላይ ተጠቅልላ ታንኮራፋለች፤ ስትወልድ፣ ስትቆስል፣ አንዳንዴም ልትሞት ስታጣጥር ታንኮራፋለች።

ምሳሌው በዚህ አያበቃም። «እግዚአብሔር ይመስገን» ካለ በኋላ ልጆቻችሁን፣ ላሞቻችሁንና ጎረቤታችሁን አንድ በአንድ እየጠራ ደህንነታቸውን የሚጠይቅ ዘመድ፣ ገንዘብ ሊበደር እንደመጣ ይገባችኋል። ድመትም ይህ ዓይነቱ ሰላምታ አላት። እ.ኤ.አ. በ2009 በእንግሊዝ የሰሴክስ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዋ ካረን ማኮምብና ባልደረቦቿ እንዳሳዩት፣ ምግብ የፈለገች ድመት በማንኮራፋቷ መሐል ቀጠን ያለ፣ ከሕፃን ለቅሶ ጋር የሚቀራረብ ድምፅ ትከታለች። ድመት አሳድገው የማያውቁ ሰዎች ጭምር ይህኛው የችኮላ መሆኑን ለይተዋል። ጠዋት ከአልጋችሁ የሚያስነሣችሁ እሱ ነው። አንድ ቦታ ላይ ግን ምሳሌዬ ይሰበራል። ሰው ሕመሙን እያወቀ ይሸፍናል፤ ድመቷም ልትሸፍን አስባ ታንኮራፋለች ብዬ አልናገርም።

ወደ አጥንቱ ልመለስ። ወዳጄ ሦስተኛው ጸሐፊ፣ ያነበብከው መላምት ነው። ዝቅተኛ ንዝረት ለአጥንት ይጠቅም እንደሆነ የሚያጠኑ ሰዎች አሉ፤ የድመትም ድምፅ ዝቅተኛ ነው፤ ሁለቱን ያጋባሃቸው አንተ ነህ። የምታንኮራፋ ድመት ስብራት ከማታንኮራፋዋ ፈጥኖ እንደሚጋጠም ማንም አላሳየም። እኔን እንዲያውም ማንኮራፋቷ ሥራ ያስፈታኛል፤ ደረቷ ላይ ማዳመጫ ሳደርግ ልቧንም ሳንባዋንም ይሸፍንብኛል። ዘዴው የሚፈስ ውሃ ማሰማት ነው፤ ብዙዎቹ ዝም ይላሉ። እኛ ጋ ቧንቧው ደርቆ ስለሚሰነብት፣ ረዳቴ ከጀሪካን ወደ ባልዲ ቀስ እያለች ታንቆረቁራለች። የዘንቢሏ ድመት ጆሮዋን ወደ ባልዲው አዞረች፣ ጸጥ አለች፣ ያኔ ሳንባዋ ደህና መሆኑን ሰማሁ።

እንግዲህ ድምፁን ትታችሁ ፊቷን እዩ። እ.ኤ.አ. በ2019 በሞንትሪያል ዩኒቨርሲቲ የወጣው የድመት ሕመም መለኪያ የሚመለከተው አምስት ነገር ነው፤ ጆሮዋ ወደ ጎን መተኛቱን፣ ዓይኗ መጥበቡን፣ አፍና አፍንጫዋ አካባቢ መወጠሩን፣ ጺሟ ቀጥ ማለቱን፣ ራሷን ከትከሻዋ በታች መድፋቷን። እኔ መብላቷንና ራሷን መላሷን እጨምርበታለሁ። ሕመም ነው ብላችሁ ደግሞ ፓራሲታሞል እንዳትሰጧት፤ ለድመት መርዝ ነው፣ ግማሽ ፍሬም ይገድላል። ስታነሷት ከነከሰቻችሁ ቁስሉን በውሃና በሳሙና ለ15 ደቂቃ እጠቡና ጤና ተቋም ሂዱ፤ የእብድ ውሻ በሽታ ስሙ ነው እንጂ ከድመትም ይመጣል።

ስለ ጅራት ብዙ አልልም። ውሻ ጅራቱን ሲወዘውዝ ብዙ ጊዜ ለወዳጅነት ነው፤ ድመት ጅራቷን ግራና ቀኝ ስትመታ ግን ተበሳጭታለች። በየግቢው ያለው የውሻና የድመት ጠብ አንዳንዱ ከዚህ ሳይመጣ አይቀርም።

የወፍጮ ቤቷን ድመት ሽንቷን መሽናት መቻሏን አረጋግጬ፣ የሕመም ማስታገሻዋን ሰጥቼ፣ ስድስት ሳምንት ከጠባብ ሳጥን እንዳትወጣ አዝዤ ሸኘኋት። ከሁለት ወር በኋላ እትዬ ደወሉ።

«ዶክተር፣ ድመቷ ማንኮራፋት ተወች። ታመመች መሰለኝ።»

«ትበላለች?»

«ትበላለች። ትናንት ወፍጮው ሥር ሁለት አይጥ ይዛለች።»

«ራሷንስ ትልሳለች?»

«ስትልስ ነው የምትውለው።»

«አሁን የት ናት?»

«ጣራ ላይ። ብጠራት ዞር ብላ አየችኝና ተመልሳ ተኛች።»