«ማፑ ኮንከረንት ስለሆነ ችግር የለውም» ለምትሉ

የጃቫ ኮድ በገመገምኩ ቁጥር ይህቺው መልስ ትመጣለች፦ «ኮንከረንት ሃሽማፕ ነው የተጠቀምኩት፣ ችግር የለውም።» (ብዙ ትሬዶች፣ ማለትም በአንድ ፕሮግራም ውስጥ ጎን ለጎን የሚሠሩ የሥራ መስመሮች፣ በጋራ እንዲጠቀሙበት የተሠራ የቁልፍና የእሴት ማከማቻ ነው።) ከወረፋ መልእክት እየተቀበለ ሜሞሪ ላይ ያለ የጋራ ዳታ የሚያድስ ሲስተም የሚሠራ ሰው ይህን ሲል መስማት ሰልችቶኛል። ችግርማ አለው።

ኮንከረንት ሃሽማፕ ዋስትና የሚሰጠው ለእያንዳንዱ ጥሪ ለየብቻው ነው። ጌትም (ማንበቢያው) ትክክል ነው፣ ፑትም (መጻፊያው) ትክክል ነው። በሁለቱ መሃል ያለውን ክፍተት ግን ማንም አይጠብቅልህም። መጋዘን ውስጥ 10 ካርቶን ዘይት አለ እንበል። 3 ካርቶን የሚቀንሱ ሁለት መልእክቶች እኩል ደረሱ። አንዱ ትሬድ 10 አነበበ። እሱ ሳይጽፍ ሌላውም 10 አነበበ። ሁለቱም 7 ብለው ጻፉ። መቅረት የነበረበት 4 ነው! ኤረር የለም፣ ሎጉ ላይም ምንም አይታይም። አንድ የማውቀው ቡድን እንዲህ ያለውን ልዩነት በመጋዘን ሠራተኛው ሲያሳብብ ከርሟል። ሰውየው ስሙ በከንቱ ጠፋ።

ከጃቫ 8 ጀምሮ ኮምፒውትና መርጅ የሚባሉ የማፑ ጥሪዎች አሉልህ። ማንበቡን፣ መቀነሱንና መጻፉን ለዚያ ቁልፍ ባንድ ላይ ይጨርሱታል። ውስጣቸው የዳታቤዝ ወይም የኔትወርክ ጥሪ ግን አትክተት፤ ሌሎች ትሬዶች ቆመው ይጠብቁሃል። ማፑ ውስጥ ያስቀመጥከው ተራ አሬይሊስት (የጃቫ ዝርዝር) ከሆነ ደግሞ ሊስቱን ማፑ አይጠብቀውም።

ሌላው መልስ፦ «ቆጣሪውን ቮላታይል አድርጌዋለሁ።» ቮላታይል የሚባለው የጃቫ ቃል የተለዋዋጩን አዲስ እሴት ለሌሎች ትሬዶች ያሳያል እንጂ ፕላስ ፕላስን (++፣ አንድ መጨመርን) አንድ የማይከፈል እርምጃ አያደርገውም። ለቆጣሪ ይህን በአንድ እርምጃ የሚሠራውን አቶሚክ ሎንግ ተጠቀም።

«ሲንክሮናይዝድ ነው።» አዎ፣ ኮዱን በአንድ ጊዜ አንድ ትሬድ ብቻ እንዲያስኬደው ይቆልፋል፣ ግን በአንድ ጄቪኤም (ፕሮግራሙን የሚያስኬደው የጃቫ ሞተር) ውስጥ ብቻ። ሁለተኛ ሰርቨር ስትጨምር አይሠራም።

«ካልተሳካ ትራንዛክሽኑ ሁሉንም ይመልሰዋል።» ይህኛውም ያናድደኛል። ትራንዛክሽን ማለት ሁሉም አንድ ላይ የሚጸድቅ ወይም አንድ ላይ የሚሰረዝ የሥራ ስብስብ ነው። ሮልባክ (ስረዛው) የሚመልሰው ዳታቤዙንና መልእክቱን ነው፤ ማፑ የትራንዛክሽኑ አካል አይደለም። መልእክቱ ወረፋው ውስጥ ተመልሶ እንደገና ይመጣል፣ አንተም ሌላ 3 ካርቶን ትቀንሳለህ። መጀመሪያ ኮሚት ይደረግ (ትራንዛክሽኑ ይጽደቅ)፣ ማፑ ከዚያ በኋላ ይታደስ። የመልእክቱን መለያም በዚያው ትራንዛክሽን ዳታቤዙ ላይ መዝግብ። ተመዝግቦ ካገኘኸው እለፈው።

«ካፍካ ቅደም ተከተሉን ይጠብቃል።» ካፍካ (የመልእክት ማስተላለፊያ ሶፍትዌር) ይህን የሚጠብቀው በአንድ ፓርቲሽን፣ ማለትም በአንዱ የመልእክቶቹ ክፍልፋይ ውስጥ ብቻ ነው። የዕቃውን መለያ የመልእክቱ ቁልፍ አድርገህ ላክ። ያኔ የዘይቱ መልእክቶች በሙሉ አንድ ፓርቲሽን ውስጥ ይገባሉ፣ በተላኩበት ተራም ይደርሱሃል።