የድኅረ ምረቃ ሴሚናር ምንድን ነው?

በሳይንስ ዘርፍ ለሁለተኛ ዲግሪ የሚማር ተማሪ ከሚወስዳቸው ኮርሶች መካከል መማሪያ መጽሐፍም ሆነ የጽሑፍ ፈተና የሌለው፣ ክብደቱም ብዙ ጊዜ ከአንድ ክሬዲት ሰዓት የማያልፍ ኮርስ ሴሚናር ነው። ተማሪው ከአማካሪው ጋር ተመካክሮ አንድ ርእስ ይመርጣል፤ በርእሱ ላይ የታተሙ የምርምር ጽሑፎችን አንብቦ ግምገማ ይጽፋል፤ በመጨረሻም በመምህራንና በተማሪዎች ፊት ቀርቦ ያስረዳል፣ ይጠየቃል። የመመረቂያ ጽሑፍ ሲቀርብ የሚመዘነው ተማሪው ራሱ የሠራው ምርምር ሲሆን፣ በሴሚናር ግን የሚመዘነው የሌሎችን ሥራ መርምሮ የመዳኘት ችሎታው ነው።

ዘዴው የዳበረው በጀርመን ዩኒቨርሲቲዎች ሲሆን፣ በመጀመሪያ የጥንታዊ ቋንቋዎች ጥናት ይገለገልበት ነበር። በ1834 እ.ኤ.አ. የፊዚክስ ሊቁ ፍራንዝ ኖይማን እና የሒሳብ ሊቁ ካርል ያኮቢ በፕሩሲያዋ ከተማ በኮኒግስበርግ የሒሳብና የፊዚክስ ሴሚናር ሲያቋቁሙ ዘዴው በሳይንሱም ሥር ያዘ።

መዳኘት ሲባል ምን ማለት እንደሆነ በምሳሌ ማየት ይሻላል። አንዲት የኬሚስትሪ ተማሪ በስምጥ ሸለቆ የጉድጓድ ውኃ ውስጥ የሚገኘውን ፍሎራይድ ስለማስወገድ ሴሚናር ታቀርባለች እንበል። የዓለም ጤና ድርጅት ለመጠጥ ውኃ ያስቀመጠው ወሰን በሊትር 1.5 ሚሊግራም ሲሆን፣ በአካባቢው ከ10 ሚሊግራም በላይ የተለካባቸው ጉድጓዶች አሉ፤ ጉዳቱም ጥርስን ከማበለዝ ጀምሮ አጥንትን እስከማጣመም ይደርሳል። ደካማ አቀራረብ «የመጀመሪያዎቹ ተመራማሪዎች የአጥንት ከሰል ተጠቀሙ፣ ሌሎቹ አሉም የተባለ ጨውና ኖራ ጨመሩ» እያለ ጽሑፎቹን በተራ ይተርካል። ጠንካራው ግን አንድ ግራም ከሰል በአንዱ ጥናት ብዙ፣ በሌላው ጥቂት ፍሎራይድ የያዘበትን ምክንያት ይፈልጋል፦ የውኃው ፒኤች (የአሲድነቱ ወይም የአልካላይንነቱ ልክ) ስንት ነበር? ሙከራው የተካሄደው ቤተ ሙከራ ውስጥ በተዘጋጀ የሶዲየም ፍሎራይድ ሟሟ ነው ወይስ ከጉድጓድ በተቀዳ ውኃ? የስምጥ ሸለቆ ውኃ ባይካርቦኔት ስለሚበዛበትና ይህም ፍሎራይድን የማስወገዱን ሥራ ሊያዳክም ስለሚችል፣ በንጹሕ ሟሟ የተገኘ ከፍተኛ ቁጥር ለመንደሩ ጉድጓድ እምብዛም ላይሠራ ይችላል። ተማሪዋ ይህን ለይታ ካሳየች ሴሚናሩ ግቡን መቷል፤ የስላይዱ ውበት ከዚህ በኋላ የሚመጣ ጉዳይ ነው።

ስለ አቀራረቡ ሥርዓት ብዙ መናገር አያስፈልግም። ርእሱና አጭር መግለጫው ቀደም ብሎ ለአስተባባሪው ይደርሳል፣ የተመደበው ሰዓት ይከበራል፣ የሌላ ሰው ሥዕል ወይም ሠንጠረዥ ሲወሰድ ምንጩ እዚያው ስላይድ ላይ ይጻፋል። ጥያቄ ሲቀርብ መልሱን የማያውቅ ተማሪ አለማወቁን ተናግሮ ያነበበው እስከ የት እንደሚያደርሰው ቢያስረዳ ይመረጣል፤ በግምት የተሰጠ መልስ በሚቀጥለው ጥያቄ ይጋለጣልና።

ብዙ ተማሪዎች አቅልለው የሚያዩት ግዴታ ግን የሌሎችን ሴሚናር መከታተል ነው። በብዙ የትምህርት ክፍሎች ውስጥ የታዳሚዎች ስም የሚመዘገበው፣ አንዳንዴም ለተሳትፎ ውጤት የሚሰጠው በዚህ ምክንያት ሲሆን፣ እኔም የኮርሱ ትልቁ ክፍል ይህ ነው ብዬ አምናለሁ። ተማሪው የሚያቀርበው አንዴ ወይም ሁለቴ ነው፤ የሚያዳምጠው ግን ወሰነ ትምህርቱን በሙሉ ነው። ከራሱ ርእስ የራቀ ገለጻ ሲሰማ «የማነጻጸሪያ ናሙናችሁ ምን ነበር?»፣ «ልኬቱ ስንት ጊዜ ተደገመ?» ብሎ መጠየቅን ይለማመዳል፤ እነዚህን ጥያቄዎች በሌላው ሥራ ላይ ደጋግሞ ያነሣ ተማሪ የራሱን የምርምር ዕቅድ ሲጽፍ ማነጻጸሪያውንና የድግግሞሹን ቁጥር ገና ከቤተ ሙከራ ሳይገባ ይወስናል። በየትኛውም ሴሚናር ላይ ቢያንስ አንድ ጥያቄ በጽሑፍ አዘጋጅቶ መግባት፣ ዕድሉ ካልተሰጠ ደግሞ ከስብሰባው በኋላ አቅራቢውን መጠየቅ፣ ለጀማሪ የሚበቃ ልምምድ ነው።