አባ ሳሙኤል፣ ቆሼ እና የመብራት ኃይል የዝናብ ስጋት

ከአዲስ አበባ በስተደቡብ፣ አቃቂ ቃሊቲን አልፎ፣ የአባ ሳሙኤል ሐይቅ አለ። ሐይቅ እንበለው እንጂ በሰው እጅ የተገደበ ውሃ ነው። ትልቁ አቃቂና ትንሹ አቃቂ የሚገናኙት እዚህ ነው። ግድቡ የተሠራው እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ ሲሆን የኢትዮጵያ የመጀመሪያው የውሃ ኃይል ማመንጫም ይኸው ነው። አቅሙ 6.6 ሜጋዋት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ጥገና አጥቶ ቆመ። አርባ ዓመት ገደማ ዝም ብሎ ከከረመ በኋላ በቻይና መንግሥት ድጋፍ ታድሶ በ2009 ዓ.ም እንደገና ሥራ ጀመረ። በዚያው ዓመት 1,870 ሜጋዋት የሚያመነጨው ግልገል ጊቤ 3 ተመረቀ።

በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት የትየለሌ ነው። ስጋታቸው ግን አንድ ነው፤ ሁለቱም የሚኖሩት በዝናብ ነው።

ሕዝቡ ዛሬም «መብራት ኃይል» የሚለው ድርጅት በ2006 ዓ.ም ለሁለት ተከፍሏል። የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ኃይል ያመነጫል፣ በከፍተኛ መስመርም ያስተላልፋል። የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ አገልግሎት ደግሞ እስከ ቤታችን ድረስ ያከፋፍላል። አገሪቱ ከምታመነጨው ኤሌክትሪክ ከ90 በመቶ በላይ የሚገኘው ከውሃ ነው። ይህ ንጹሕ ኃይል ነው፤ ጭስ የለውም። ግን የአየር ንብረት ሲዛባ መጀመሪያ የሚመታውም እሱ ነው።

ግንቦት 2011ን የአዲስ አበባ ሰው አይረሳውም። የጊቤ 3 ውሃ ወርዶ 476 ሜጋዋት ጎደለና አገሩ በሙሉ ፈረቃ ገባ። ከዚያ በፊት በ2001 ዓ.ምም እንዲሁ ግድቦች ጎድለው ፈረቃ ነበር። የዳቦ ቤቱ፣ የወፍጮ ቤቱ፣ የብየዳ ቤቱ ሥራ በፈረቃው ሰዓት ተቆራርጦ ነበር። ወቅቱ ግንቦት መሆኑም እንዲያው የመጣ አይደለም። ግድብ የሚሞላው በሐምሌና በነሐሴ ነው። ከመስከረም በኋላ ያለውን ውሃ እየቆጠቡ በጋውን ሁሉ ማለፍ ግድ ነው። ግንቦት ላይ ጎተራው ባዶ ሊሆን ይቃረባል። ገበሬ እህሉን ከመኸር እስከ መኸር እንደሚያብቃቃው ማለት ነው።

ስለዚህ የመጀመሪያው የስጋት አያያዝ ይህ ማብቃቃት ነው። የግድቡ ከፍታ በየጊዜው ይለካል። ከሜቴዎሮሎጂ ኢንስቲትዩት የክረምት ትንበያ ይጠበቃል። ኤልኒኖ ሲመጣ ክረምቱ በብዙ የአገሪቱ ክፍል ይሳሳል፤ የ2007 ክረምት የደረሰው ይኸው ነው። እንዲህ ያለ ትንበያ ሲመጣ ግድቡን እስከ ታች ድረስ መጠቀም ትልቅ ድፍረት ይሆናል። በተቃራኒው ዝናቡ ሲበዛ ውሃ በማስተንፈሻው መልቀቅ ያስፈልጋል። ያኔ ከግድቡ በታች ላለው ሕዝብ አስቀድሞ መንገር ግዴታ ነው። በእኔ እምነት ከሥራው ሁሉ ማንም ሊዘነጋው የማይገባው ይህ ነው። ጎርፍ ማታ ሲመጣ ከብትና ልጅ አብረው ያሉት በወንዙ ዳር ነው።

ሁለተኛው ዘዴ እንቁላልን ሁሉ በአንድ ቅርጫት አለማኖር ነው። ጣቢያዎቹ በዓባይ፣ በኦሞ፣ በተከዜ፣ በአዋሽና በዋቢ ሸበሌ ተፋሰሶች ተበትነዋል። አንዱ ጋ ክረምቱ ቢያጥር ሌላው ጋ ሊሻል ይችላል። በጳጉሜን 2017 የተመረቀው 5,150 ሜጋዋቱ የሕዳሴ ግድብ ትልቅ እፎይታ ነው። ሆኖም እሱም ውሃ ነው።

እዚህ ላይ ነፋስ ይረዳል። የአዳማ 1 (51 ሜጋዋት) እና የአዳማ 2 (153 ሜጋዋት) ተርባይኖች ከአዲስ አበባ መቶ ኪሎ ሜትር በማይሞላ ርቀት ላይ ናቸው። ነፋሱ የሚበረታው በበጋ ነው፤ ግድቦች በሚጎድሉበት ሰዓት ማለት ነው። ይህ መተጋገዝ ለአገሪቱ የተሰጠ ጸጋ ነው ብዬ አምናለሁ። ከሌላው በፊት ገንዘብ ሊፈስበት የሚገባውም እሱ ነው። ከመሬት ውስጥ የሚወጣው የአሉቶ ላንጋኖ እንፋሎት ደግሞ ከዝናብ ነጻ ነው፤ ግን የተተከለው አቅም ገና 7.3 ሜጋዋት ነው።

በከተማዋ ደቡብ ምዕራብ ዳርቻ ያለው ቆሼ ሌላ ታሪክ አለው። ከአምሳ ዓመት በላይ የአዲስ አበባ ቆሻሻ የተከመረበት ቦታ ነው። መጋቢት 2 ቀን 2009 ክምሩ ተደርምሶ ከመቶ በላይ ሰዎች ሞቱ። ነፍሳቸውን ይማር። በነሐሴ 2010 አጠገቡ ላይ የረጲ ከቆሻሻ ኃይል ማመንጫ ተመረቀ። የተነደፈው በቀን 1,400 ቶን ቆሻሻ አቃጥሎ 25 ሜጋዋት እንዲያመነጭ ነው። የበሰበሰ ቆሻሻ ሚቴን ያወጣል፤ ሚቴን ደግሞ ከካርቦን ዳይኦክሳይድ እጅግ የከፋ የሙቀት አማቂ ጋዝ ነው። ቆሻሻው ሲቃጠል ሚቴኑ ይቀራል፣ ቦታው ይተርፋል፣ ዝናብ የማይጠብቅ መብራትም ይገኛል። ችግሩ ቆሻሻችን እርጥብ መሆኑ ነው። የአትክልት ተረፈ ምርት ይበዛበታል፤ በክረምት ደግሞ ይብስበታል።

መስመሮቹም ስጋት አለባቸው። የሕዳሴው ኃይል በ500 ኪሎቮልት መስመር ሆለታ ይደርሳል። የጊቤ 3 ደግሞ በወላይታ ሶዶ በኩል አቃቂ ይገባል። ከተማዋ የምትበላው በእነዚህ በሮች ነው። በከተማው ውስጥ በነፋስና በዝናብ የሚወድቁት የእንጨት ምሰሶዎች በኮንክሪት እየተተኩ ነው።

አሁን ወደ አባ ሳሙኤል ልመለስ። የውሃ እጥረት ቢመጣ ቢያንስ በሚቀጥለው ክረምት ተስፋ አለ። ደለል ግን አይመለስም። ዝናቡ በአጭር ጊዜ በኃይል ሲወርድ ከተራቆተ ተዳፋት አፈር ጠርጎ ይወስዳል። አቃቂ የሚያመጣው አፈር ብቻ አይደለም፤ ፕላስቲኩም፣ የፋብሪካ ፍሳሹም፣ የመጸዳጃ ቤት ፍሳሹም አብሮ ይመጣል። ይህ ሁሉ ግድቡ ውስጥ ይተኛል። እንቦጭ በዚያ ፍሳሽ ላይ ይፋፋል። የማመንጫው ሠራተኛ ተርባይኑን የቱንም ያህል ቢያጸዳ ዋናው ሥራ ያለው ከግድቡ በላይ፣ ወንዙ በሚመጣበት ተዳፋት ነው። እርከን፣ ዛፍ፣ የወንዝ ዳር መከለል፣ የቆሻሻ አወጋገድ። ለዚህ የሚወጣ ገንዘብ እንደ በጎ አድራጎት መቆጠሩ ቢቀር እወዳለሁ። የማመንጫው የጥገና በጀት አካል ነው።

የአባ ሳሙኤል ውሃ እዚያ አይቀርም። አዋሽን ተቀላቅሎ ቆቃ ይገባል። ከ1952 ዓ.ም ጀምሮ የሚሠራው የቆቃ ግድብ 43 ሜጋዋት ያመነጫል፤ ከሱ በታች አዋሽ 2 እና አዋሽ 3 እያንዳንዳቸው 32 ሜጋዋት አላቸው። ቆቃም ከያዘው ቦታ ቀላል የማይባለውን ለደለል አስረክቧል።