ባዮባንክ ምንድን ነው? ናሙናችን ፍሪዘር ከገባ በኋላ ማን ያዝዝበታል?

በየዓመቱ ለአረምና ለሰሊጥ አጨዳ ወደ መተማና ሁመራ የሚወርደው ወጣት ብዙ ነው። ከመካከላቸው ትኩሳቱ አልለቅ ብሎት፣ ሆዱ ተነፍቶ፣ ሰውነቱ አልቆ ጎንደር ሆስፒታል የሚደርስ አለ። ካላዛር ነው። የአሸዋ ዝንብ ስትነክስ የምታስተላልፈው፣ ካልታከሙት የሚገድል በሽታ። ለማረጋገጥ ሐኪሙ ከጣፊያ ወይም ከአጥንት መቅኔ በመርፌ ትንሽ ናሙና ይቀዳል።

ምርመራው ሲያልቅ የተረፈው ናሙና ይጣላል። ታማሚው ከፈቀደ ደግሞ ለምርምር ሊቀመጥ ይችላል። ባዮባንክ የሚባለው ይሄ ማስቀመጫ ነው። ደም፣ ሽንት፣ ዲኤንኤ፣ ከሰውነት የተቆረጠ ቅንጣት፣ ከሰውየው የጤና መረጃ ጋር ተያይዞ ለዓመታት ይቀመጥበታል። አብዛኛው ከዜሮ በታች 80 ዲግሪ በሚያቀዘቅዝ ፍሪዘር ይቆያል። በሕይወት መቆየት ያለበት ሴል ከዜሮ በታች 196 ዲግሪ በሆነ ፈሳሽ ናይትሮጅን ውስጥ ይገባል። መብራት ሄድ መጣ በሚልበት አገር ይሄ ራሱ ትልቅ ሥራ ነው። ያለ አስተማማኝ ጄኔሬተር የዓመታት ልፋት በአንድ ሌሊት ይቀልጣል።

እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝ ግን ቁልፉን የያዘው ሰው ነው። ናሙናውን ማን ያወጣዋል? ለምን ሥራ? ለማን ይሰጣል? የባዮባንክ አስተዳደር ሲባል የእነዚህ ጥያቄዎች መልስ ነው።

ነገሩ የሚጀምረው ከፈቃድ ነው። ያ የቀን ሠራተኛ አልጋው ላይ እንደተኛ ቅጽ ይቀርብለታል። ማንበብ የማይችል ከሆነ ከጥናቱ ጋር ግንኙነት የሌለው ምስክር ባለበት ይነበብለታል፣ ከተስማማ በጣቱ ይፈርማል። ፈቃዱ ለአንድ ጥናት ብቻ ሊሆን ይችላል። ባዮባንኮች ግን ብዙ ጊዜ የሚጠይቁት ሰፋ ያለ ፈቃድ ነው፤ ዛሬ ላልታሰበ ጥናትም ጭምር። ሰፊ ፈቃድ በራሱ ክፉ አይደለም። ግን የሚያስኬደው እያንዳንዱን አዲስ ጥናት የሚመረምር የሥነ ምግባር ኮሚቴ ሲኖር ብቻ ነው። እንዲህ በትኩሳት የሚቃጠል ሰው ደግሞ ሐኪሙ ያቀረበለትን ሁሉ እሺ ይላል። ስለዚህ እምቢ ቢልም ሕክምናው እንደማይቀርበት አስቀድሞ፣ በግልጽ ሊነገረው ይገባል።

ይሄ ሲጣስ ምን እንደሚመጣ አሜሪካ ውስጥ ታይቷል። አሪዞና የሚኖሩት የሃቫሱፓይ ሕዝቦች እ.ኤ.አ. በ1990 አካባቢ ለስኳር በሽታ ጥናት ብለው ደም ሰጡ። ደሙ ስለ አእምሮ ሕመምና ስለ ዘር አመጣጣቸው ለሚያጠኑ ሥራዎችም ዋለ። ከሰሱ። ጥናቱን ያካሄደው የአሪዞና ስቴት ዩኒቨርሲቲ በ2010 በስምምነት 700,000 ዶላር ከፈለ፤ ናሙናውም ተመለሰላቸው።

ናሙናና መረጃ መጋራትን ግን አልቃወምም፤ እንዲያውም እደግፋለሁ። የዩናይትድ ኪንግደም ባዮባንክ የ500,000 ሰዎችን መረጃና ናሙና ይዞ ከየትም አገር ለሚያመለክቱ ተመራማሪዎች ክፍት በመሆኑ ስንት ነገር ታወቀበት። ካላዛርንም አንድ ሆስፒታል ብቻውን አይወጣውም። ሱዳን ያለው ታማሚ፣ ኬንያ ያለው ታማሚ፣ ጎንደር ያለው ታማሚ አንድ ላይ ካልታዩ መድኃኒቱ ለምን እዚህ ሠርቶ እዚያ እንደሚደክም አይገባንም።

ጥያቄው በምን ውል ነው። ናሙና ከአገር ሲወጣ የማስተላለፊያ ስምምነት ይፈረማል። ለየትኛው ጥናት እንደሄደ፣ ለሦስተኛ ወገን ይተላለፍ እንደሆነ፣ ሲያልቅ ይመለስ ወይ ይወገድ፣ የእኛ ተመራማሪ በጽሑፉ ስሙ ይገባ እንደሆነ እዚያ ላይ መጻፍ አለበት። በጤፍ አይተነዋል። እ.ኤ.አ. በ2005 ኢትዮጵያ ከአንድ የኔዘርላንድስ ኩባንያ ጋር በጤፍ ላይ ውል ተፈራረመች፤ ኩባንያው ከሰረ፤ ለኢትዮጵያ የረባ ጥቅም ሳይመጣ የጤፍ ዱቄት ፓተንቱ (የፈጠራ ባለቤትነት መብቱ) በሌላ እጅ ቀጠለ። ኔዘርላንድስ ያለው የሄግ ፍርድ ቤት ፓተንቱን ውድቅ ያደረገው በ2018 ነው። ጤፍ እህል ነው፤ ደም ደግሞ የሰው አደራ ነው።

መረጃው ከናሙናው የባሰ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ብልቃጡ ላይ ስም የለም፣ ኮድ ብቻ ነው። ኮዱን ከስሙ ጋር የሚያገናኘው መዝገብ ለብቻው ተቆልፎ ይቀመጣል። ግን ዲኤንኤ ራሱ ባለቤቱን ሊያጋልጥ ይችላል፤ ወንድም እህቱንም ጭምር። ለዚህ ነው አንዳንድ ባዮባንኮች ፋይሉን ከመላክ ይልቅ ተመራማሪው እነሱ ሲስተም ላይ ገብቶ እንዲሠራ የሚያደርጉት። በእኛም አገር የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ወጥቷል፤ የጤና መረጃን ልዩ ጥበቃ ከሚሹት ውስጥ ያስገባል።

ሐሳቡን የቀየረ ሰው መውጣት ይችላል። የቀረው ናሙና ይወገዳል። ታትሞ የወጣው ውጤት ግን አይመለስም፤ ይሄም ሳይፈርም በፊት ሊነገረው ይገባል። ቅጽ ከቀረበላችሁ ናሙናው ስንት ዓመት እንደሚቆይ፣ ከአገር ይወጣ እንደሆነና ለመውጣት ለማን እንደሚደወል ጠይቁ። የቅጹን አንድ ቅጂ ይዛችሁ ሂዱ፤ ስልክ ቁጥሩ እዚያ ላይ መኖሩንም እዩ።