ሴሊያክ በሽታ ምንድን ነው? ምርመራው እና በጤፍ አገር ከግሉተን ርቆ መኖር

የስንዴ ሊጥ ያቦካ ሰው ሁሉ ሊጡ ሲጎትቱት ሳይበጠስ እንደሚለጠጥ ያውቃል። ያንኑ ሊጥ በቀጭን ውኃ ሥር ይዞ ደጋግሞ ቢያጥበው ነጩ ስታርች ታጥቦ ይሄድና በመዳፉ ላይ እንደ ማስቲካ የሚሳብ ግራጫ ነገር ይቀራል። ይህ ግሉተን ነው። ግሉተን በስንዴ፣ በገብስ እና ራይ በሚባለው የአውሮፓ እህል ውስጥ ለሚገኙ ፕሮቲኖች የተሰጠ የጋራ መጠሪያ ሲሆን፣ ድፎ ዳቦ ተነፍቶና ለስልሶ የሚወጣው በቡኮው የተፈጠረውን አየር እርሱ አፍኖ ስለሚይዝ ነው። የጤፍ ሊጥ እንዲህ አይለጠጥም፤ እንጀራ ዓይን የሚያወጣው ከቡኮው የሚወጣው አየር ምጣዱ ላይ እየፈነዳ ስለሚያልፍ ነው እንጂ ጤፍ ግሉተን ኖሮት አይደለም።

ሴሊያክ በሽታ ማለት በዘር የተጋለጠ ሰው ግሉተን ሲመገብ የሰውነቱ በሽታ ተከላካይ ሥርዓት ተሳስቶ የራሱን ትንሹን አንጀት የሚያጠቃበት፣ ዕድሜ ልክ የሚዘልቅ ሕመም ነው። ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም። ከስንዴ አለርጂም ይለያል፤ አለርጂ ብዙውን ጊዜ በደቂቃዎች ወይም በጥቂት ሰዓታት ውስጥ በማሳከክ፣ በማበጥ ወይም ትንፋሽ በማሳጠር ይታያል፣ ሴሊያክ ግን ወራትና ዓመታት ወስዶ አንጀትን ቀስ በቀስ ያበላሻል። ጤናማ ትንሽ አንጀት ውስጡ እንደ ከፋይ ጨርቅ ነው፤ ቪላይ የሚባሉ ጣት መሰል ጥቃቅን እጥፋቶች ሞልተውት ከምግቡ የሚገኘውን ጥቅም ይመጥጣሉ። በሽታው እነዚህን እጥፋቶች እያሳጠረ በመጨረሻ ያደላድላቸዋል፤ ከዚያ በኋላ ሰውየው በልቶ ያልበላ ያህል ይሆናል።

ብረት የሚመጠጠው በአብዛኛው ከጨጓራ ቀጥሎ ባለው የአንጀት ክፍል ነው፤ ሕመሙ አብልጦ የሚጎዳውም ይህንኑ ክፍል ነው። ስለዚህ ብዙ አዋቂ ሕሙማን ሐኪም ዘንድ የሚቀርቡት ሆዳቸውን አሟቸው ሳይሆን የብረት እንክብል እየወሰዱ የማይሻሻል ደም ማነስ ይዟቸው ነው። ሌላው ተቅማጥ፣ የሆድ መነፋት፣ መክሳትና ድካም ይታይበታል፤ ልጅ ከሆነ ከእኩዮቹ በቁመትም በክብደትም ወደ ኋላ ይቀራል። አጥንት ሊሳሳ፣ በክርንና በጉልበት ላይ አጥብቆ የሚያሳክክ ሽፍታ ሊወጣ፣ ልጅ መውለድም ሊያስቸግር ይችላል። ምንም ምልክት የማይሰማውም አለ፤ እርሱም ቢሆን አንጀቱ እየተጎዳ ነው።

በዓለም ላይ ከ100 ሰዎች አንዱን ያህል ይህ በሽታ እንደሚይዘው ይገመታል። ለበሽታው የሚያጋልጡት ዘረ መሎች ኤችኤልኤ ዲኪው 2 እና ዲኪው 8 ይባላሉ፤ ከሕዝቡ ሲሶ የሚያህለው ቢሸከማቸውም በበሽታው የሚያዘው ከእነርሱ ጥቂቱ ብቻ ነው። ጥፋቱ የእህሉ መሆኑን ያረጋገጠው ቪለም ዲከ የተባለ የሆላንድ የሕፃናት ሐኪም ነው። ዲከ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በፊት ጀምሮ ስንዴን ይጠረጥር ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1944 እና 1945 መካከል በነበረው የረሃብ ክረምት በአገሩ ዳቦ ሲጠፋ ታማሚ ሕፃናቱ ሲሻላቸው፣ ዳቦው ሲመለስ ደግሞ ሕመማቸው ሲመለስ አየ፤ ጥናቱንም በ1950 አቀረበ። ሌላው ሕዝብ በረሃብ ሲጎዳ እነዚያ ሕፃናት መዳናቸው ስለዚህ በሽታ ባነበብሁ ቁጥር ከልቤ የማይወጣ ነገር ነው።

አሁን ወደ ምርመራው ልምጣ፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነውና። የመጀመሪያው እርምጃ የደም ምርመራ ነው። በደሙ ውስጥ ቲሹ ትራንስግሉታሚኔዝ በተባለው የሰውነት ኢንዛይም ላይ የተሠሩ፣ አይጂኤ የሚባለው ዓይነት ፀረ እንግዳ አካላት፣ ማለትም በሽታ ተከላካይ ሥርዓቱ የሚያመርታቸው ፕሮቲኖች፣ መኖራቸው ይለካል። አንዳንድ ሰው አይጂኤን ጨርሶ የማያመርት በመሆኑ፣ የአይጂኤው ጠቅላላ መጠን አብሮ ካልታየ ውጤቱ በሐሰት “ነጻ” ሊል ይችላል። ደሙ ምልክት ካሳየ ሐኪሙ በኢንዶስኮፒ፣ ማለትም በአፍ በሚገባ ካሜራ ባለው ቀጭን ቱቦ፣ ከትንሹ አንጀት መጀመሪያ ላይ ጥቃቅን ናሙናዎችን ይወስዳል፤ ጉዳቱ እዚህም እዚያም የተበተነ ሊሆን ስለሚችል አንድ ናሙና አይበቃም፣ ቢያንስ 4 እና ከዚያ በላይ ይወሰዳል። ለሕፃናት ግን በደሙ ውስጥ የተገኙት የእነዚህ ፀረ እንግዳ አካላት መጠን ከጤናማው ወሰን ከ10 እጥፍ በላይ ከሆነና በሁለተኛ የደም ናሙና በሌላ ዓይነት ምርመራ ከተረጋገጠ፣ ኢንዶስኮፒ ሳይደረግም በሽታው ነው ሊባል እንደሚችል የአውሮፓ የሕፃናት ሐኪሞች መመሪያ ይፈቅዳል።

ምርመራው በየጤና ጣቢያው የሚሠራ አይደለም። ከደብረ ማርቆስም ሆነ ከባሕር ዳር ወደ ትልልቆቹ ሆስፒታሎች የሚሄድ ሰው ምርመራው እዚያው ይሠራ እንደሆነ ወይም ናሙናው ወደ ሌላ ላቦራቶሪ ይላክ እንደሆነ አስቀድሞ ቢጠይቅ ከድካም ይድናል። በእኛ አካባቢ አንጀትን የሚያሳምም ብዙ ነገር መኖሩም ሊረሳ አይገባም፤ ጃርዲያም የአንጀት ቲቢም ተቅማጥና መክሳት ያመጣሉ፣ የመንጠቆ ትል ደም ያሳንሳል። የቪላይ መደላደል ብቻውን ሴሊያክ ለማለት የማይበቃው፣ የደሙና የናሙናው ውጤት ተገናዝቦ የሚታየውም በዚህ ምክንያት ነው።

ከሁሉ በላይ ግን ምርመራው ትርጉም የሚኖረው ተመርማሪው ግሉተን እየበላ ከሆነ ብቻ ነው። ስንዴና ገብስ የተወ ሰው ፀረ እንግዳ አካላቱ እየቀነሱ፣ አንጀቱም እየዳነ ይሄድና ምርመራው ምንም አያገኝም። በሌላው ዓለም ይህ ችግር የሚደርሰው ተቻኩሎ ዳቦ ባቆመ ሰው ላይ ነው፤ ጎጃም ውስጥ ግን ማንም ምንም ሳይተው ሊደርስ ይችላል። ጠዋትም ማታም የጤፍ እንጀራ በሽሮ የሚበላ፣ ዳቦ በበዓል ብቻ የሚቀምስ የቢቸና ወይም የደጀን ሰው ሳያስበው ግማሽ ሕክምናውን ይዟል ማለት ነው፤ በሽታው ቢኖርበትም ሊደበቅ ይችላል። ስለዚህ ለሐኪሙ “ምን ትበላለህ?” ሲባል “ያገኘሁትን” ብሎ ማለፍ አይገባም፤ ዳቦ፣ በሶ፣ ቆሎ፣ ጠላ በሳምንት ስንት ጊዜ እንደሆነ ቆጥሮ መናገር ይበጃል። ሐኪሙ ካዘዘ በየቀኑ ከአንድ በላይ በሆነ ማዕድ ግሉተን ያለበት ምግብ ለ6 ሳምንት ያህል ከበሉ በኋላ መመርመር የተለመደ አሠራር ነው። እባካችሁ ከምርመራው በፊት ስንዴ አታቁሙ።

በሽታው ከተረጋገጠ ሕክምናው አንድ ነው፤ ግሉተንን ለዕድሜ ልክ መተው። የሚፈቀደው መጠን እጅግ ትንሽ ነው። በብዙ አገሮች አንድ ምግብ “ከግሉተን ነጻ” የሚባለው በኪሎ ግራም ከ20 ሚሊ ግራም ያልበለጠ ግሉተን ሲኖረው ሲሆን፣ በየቀኑ 50 ሚሊ ግራም መውሰድ አንጀትን እንደሚጎዳ ታይቷል። አንድ ቁራጭ ዳቦ ወደ 2 ግራም ወይም ከዚያ በላይ ስለሚይዝ፣ 50 ሚሊ ግራም ማለት የዳቦ ፍርፋሪ ማለት ነው። መቁላት፣ መቀቀል፣ ማቡካትም ግሉተኑን አያጠፋውም፤ የገብስ ቆሎ፣ በሶ፣ ጭኮ፣ የስንዴ ንፍሮ፣ ቅንጬ፣ የገብስ ገንፎ፣ ቢራም ሁሉ የተከለከሉ ናቸው።

እግዚአብሔር ይመስገን፣ የጎጃም ማጀት ከእነዚህ ውጭ ባዶ አይደለም። ጤፍ፣ ዳጉሳ፣ በቆሎ፣ ማሽላ፣ ሩዝ፣ ድንች፣ ጥራጥሬ፣ ኑግና ተልባ ግሉተን የላቸውም። የሆላንድ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2005 የተለያዩ የጤፍ ዘሮችን መርምረው የሴሊያክ ሕሙማንን የሚጎዳው ፕሮቲን እንደሌለባቸው አሳይተዋል። በአጃ ላይ ግን ጥንቃቄ ያሻል፤ ይህ ስም በሱቅ ታሽጎ ለሚሸጠው የገንፎ አጃም፣ ከስንዴ ወገን ለሆነ ጥንታዊ እህልም ይውላልና። ሁለተኛው ፈጽሞ አይበላም። የመጀመሪያው፣ የደጋው ሰው እንግዶ የሚለው፣ ንጹሕ ከሆነ አብዛኛውን ሕመምተኛ አይጎዳም፤ ግን ከገብስ ጋር ሳይቀላቀል ማግኘቱ ከባድ ነው።

ጤፍ ንጹሕ ነው ማለት እንጀራው ንጹሕ ነው ማለት አይደለም። በገበያ ቀን ወፍጮ ቤት ቆሞ ያየ ሰው ምክንያቱን ያውቀዋል፤ የአንዷ ገብስ ሳያልቅ የሌላዋ ጤፍ ይከተላል፣ የዱቄቱ ቡናኝ ከወፍጮኛው ቅንድብ እስከ ግድግዳው ሁሉን አልብሶታል፣ ቀድሞ በጆንያው ውስጥ የሚወርደው ዱቄት ደግሞ ከፊተኛው ሰው እህል የተረፈው ነው። መፍትሔው ጤፍ ብቻ የሚፈጭ ወፍጮ መፈለግ ነው፤ ከታጣም ወፍጮው ከተጠረገ በኋላ ጥቂት ኪሎ በቆሎ አስቀድሞ አስፈጭቶ ያንን ዱቄት ለቀሪው ቤተሰብ ማድረግ ጉዳቱን ይቀንሳል እንጂ ሙሉ በሙሉ አያስቀረውም። እህሉ ሳይፈጭ ግን ማጽዳቱ ቀላል ነው፤ የስንዴና የገብስ ፍሬ ከጤፍ እጅግ ስለሚተልቅ ጥሩ ወንፊት ይለየዋል።

ከወፍጮው ቀጥሎ እርሾ አለ። ከጎረቤት የተዋሱት እርሾ ጎረቤቲቱ ጤፏን ከገብስ ወይም ከስንዴ ደባልቃ የምትጋግር ከሆነ ግሉተኑን ይዞ ይመጣል፤ ስለዚህ ንጹሕ የጤፍ ዱቄት በውኃ በጥብጦ ለጥቂት ቀናት አስቀምጦ የራስን እርሾ ማስነሣት ይሻላል። ወንፊቱ፣ ቡሃቃውና ሰፌዱ ለብቻ ይሁኑ። ከሱቅ የሚገዛ እንጀራ ምን እንደተደባለቀበት ከጋጋሪዋ ካልተረጋገጠ አይበላም።

ከምግቡ ይልቅ የሚከብደው ሰው መሐል ነው። በዝክርና በማኅበር ላይ የቀረበውን ዳቦና ጠላ አለመቅመስ እንደ ንቀት ሊቆጠር ይችላል፤ “አንጀቴን ስለሚያቆስለኝ በሐኪም ተከልክያለሁ” ብሎ አስቀድሞ ለባለ ዝክሩ መናገር ቅያሜውን ያስቀራል። ጠላ በአብዛኛው የገብስ ወይም የስንዴ ብቅል ስላለበት አይሆንም፤ ከማርና ከጌሾ ብቻ የተጣለ ጠጅ ግን ግሉተን የለበትም። ለጠበል ወጥተው በበሶና በቆሎ የሚሰነብቱ ሕሙማን በየቀኑ ገብስ እንደሚበሉ ብዙዎች ልብ አይሉትም፤ ስንቁ የሽምብራ ቆሎና የጤፍ ድርቆሽ ቢሆን ጠበሉም ሕክምናውም አይጣሉም። ቅዱስ ቁርባንን በሚመለከት፣ ኅብስቱ ከስንዴ የሚዘጋጅ ስለሆነ፣ ጉዳዩን ለንስሐ አባትና ለሐኪም ገልጦ መመካከር ይገባል።

ግሉተን ከተተወ በኋላ ብዙ ሰው በሳምንታት ውስጥ ቀለል ይለዋል፤ የአዋቂ አንጀት ግን ጨርሶ እስኪድን ዓመትና ከዚያ በላይ ሊፈጅ ይችላል። በመጀመሪያዎቹ ወራት ወተት ሊያስቸግር ይችላል፤ ወተቱን የሚፈጨው ኢንዛይም ያለው በተጎዱት ቪላይ ላይ ስለሆነ ነው፣ ሲድኑ ይመለሳል። የደሙ ምርመራ በ6 ወርና በዓመቱ ይደገማል፤ ቁጥሩ ካልወረደ ብዙውን ጊዜ አንድ ቦታ ግሉተን እየገባ ነው ማለት ነውና ፍለጋው ከወፍጮ ቤቱ ይጀመር። የታማሚው ወላጆች፣ ወንድሞች፣ እኅቶችና ልጆችም ከ10 አንዱ ያህል በሽታው ሊኖርባቸው ስለሚችል፣ ሕመም ባይሰማቸውም፣ የሚበሉትን ሳይለውጡ ደማቸውን ሊመረመሩ ይገባል።